ቃል መግባት ሠርግ ነው፤ ወጪው ግን ትዳር ነው!

መቼም በዚህ ዓምድ የምናወጋው ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያና ስለ ዕርቅ ነው። ዛሬ ግን ስለ መንግሥት በጀት ላወራችሁ ነው። ቆይ፣ ቆይ! ገጹን እንዳትገልጡት! «በጀትና ፍቅርን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ። ከእጮኛዬ ጋር ሊያለያየኝ ምንም ያልቀረው ነገር ሌላ ሴትም ሌላ ወንድም አይደለም። አንድ የመንግሥት ውሳኔና አንድ የእኔ የሒሳብ ስህተት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራተኞቹን ደመወዝ እንደሚጨምር አስታወቀ። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ሊል ነው ተባለ። እኔ ማን ነኝ? በአንድ መሥሪያ ቤት የዲግሪ መነሻ የሚከፈለኝ ተራ ሠራተኛ! ወሬውን የሰማሁት ከባልደረቦቼ ጋር ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ቀነስኩ። 4,560 ብር! ያውም በየወሩ! ምን ልበላችሁ፣ የዚያን ቀን ሻይ ቤቱ ጠበበኝ።

በዚያችው ሳምንት ሦስት ቃል ገባሁ። የመጀመሪያው ለእጮኛዬ ነው። ሽማግሌ ከላክሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እሷ ከቤተሰቧ ጋር ትኖራለች፤ እኔ ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ሰርቪስ ቤት ተጋርቼ በወር 3,000 ብር እከፍላለሁ። «በጥቅምት ለብቻዬ ቤት እከራያለሁ፣ በጥር እንጋባለን» አልኳት። ያገኘሁት ቤት 5,500 ነው፤ ጭማሪው 2,500 መሆኑ ነው። ሁለተኛው ቃል ለታናሽ እህቴ ነበር፦ «ኮሌጅ ተመዝገቢ፣ በወር 1,000 ብሩን እኔ እችላለሁ» አልኳት። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ነው፤ እሱም 1,000። ድምሩ 4,500! ስልሳ ብር ትርፍ! እሷን ደግሞ ለማኪያቶ መደብኳት።

ለቤቱ ቀብድ ስባል 5,500 ብር ከጓደኛዬ ተበደርኩ። ታዲያ ምን አለበት? ጭማሪው መጥቶ የለ!

የወረቀቷ ጉድ

የመስከረም ደመወዝ ገባ። ቁጥሩን ሳይ የተሳሳቱ መስሎኝ ሂሳብ ክፍል ሮጥኩ። ሂሳብ ሹሟ ሳቅ ብላ ወረቀቷን አዞረችልኝ። «ወንድሜ፣ ግብሩስ? ጡረታውስ?» አለችኝ። ለካ ከ11,500 ብር ላይ የሥራ ግብሩ 2,100 ብር ነው፤ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ 805 ብር ነው። በፊት ደግሞ ግብሩ 888፣ ጡረታው 486 ብር ገደማ ነበር። እጄ ላይ የጨመረው እንግዲህ 3,029 ብር ብቻ ነው! ቃሌ 4,500፣ ገንዘቤ 3,029... በዚያ ላይ የጓደኛዬ ብድር አለ።

ለእጮኛዬ ስነግራት ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዝም አለች። ዝም ያለችበት ምክንያት ገንዘቡ አልነበረም። የጥሩን ቀን ለእናቷ ነግራቸው፣ እሳቸው ደግሞ ለዘመድ አዝማድ አውርተው ነበር። «አንተ ቃሉን ስትናገር ለአንድ ደቂቃ ደስ አለህ፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቃል ላይ ኑሮዬን ሠራሁ» አለችኝና ተነስታ ሄደች። ለስምንት ቀን ስልኬን አላነሳችም።

በመሃሉ ሌላ ነገር ሰማሁ። የእህቴን የጥቅምት ክፍያ እኔ ሳልልክ ስቀር፣ እናቴ ለጤፍ መግዣ ካስቀመጠችው ላይ አንስታ ከፍላላት ኖሯል። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሰው ናት። የዚያን ሳምንት ጤፉን ቀንሳ ገዛች። ለእኔ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ያን ስሰማ ያፈርኩትን ማፈር እግዜር ነው የሚያውቀው።

በዘጠነኛው ቀን እጮኛዬ ራሷ ደወለች። «ሰፈር ያለችው ሻይ ቤት ና። እስክሪብቶ ይዘህ ና!» አለችኝ። ይህች ልጅ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ክፍል ውስጥ እንደምትሠራ ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ትምህርት ነው፤ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ።

ሠርጉና ትዳሩ

«አንተ የሠራኸው ስህተት መንግሥታትም የሚሠሩት ነው» ብላ ጀመረች። «ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ ታያለህ አይደል? ያ ሠርግ ነው። ጤና ጣቢያ ተሠራ፣ ተጨበጨበ፣ በቴሌቪዥን ታየ። እኛ እሱን ካፒታል በጀት እንለዋለን፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ነርሷ፣ መድኃኒቱ፣ መብራቱ፣ ጥበቃው፣ የጣሪያው ጥገና ይመጣል። እሱ መደበኛ በጀት ነው። እሱ ነው ትዳሩ። በየዓመቱ ሐምሌ 1 በጀት ዓመቱ ሲጀምር ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።»

ምሳሌ ስጠይቃት ደግሞ አላጣችም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጠቀሰችልኝ። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ተብሎ ነው የተወሰነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከ30,000 በላይ ደመወዝተኛ ሆነ። «ሥራው ጥሩ ነው፤ የስንት ሕፃን ሕይወት አትርፏል። ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከ30,000 በላይ የወር ደመወዝ ይዛ መጣች። ለአንድ ዓመት አይደለም፤ ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ነው» አለችኝ።

የእኔኑም ጭማሪ ገለበጠችው። «አንተ ጋ የደረሰው 3,029 ነው። ከመንግሥት ካዝና የወጣውስ?» 4,560 ብር አልኳት። «አይደለም! አሠሪው ለጡረታህ 11 በመቶ ይጨምራል። በጭማሪህ ላይ ሌላ 502 ብር ገደማ ማለት ነው። እርግጥ ነው ግብሩ 1,212 ብሩን መልሶለታል። ነገር ግን ጡረታህ ወደፊት የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝህ ነው። ደመወዝህ ዛሬ ሲያድግ የሽምግልናህ ክፍያም አብሮ ያድጋል። ጭማሪው ገና ዕድሜ ልክህን ይከተልሃል!»

ያኔ መንግሥት ጭማሪው በዓመት 160 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ወጪ እንደሚጠይቅ አስታውቆ ነበር። አጠቃላይ የደመወዝ ወጪው ደግሞ ወደ 560 ቢሊዮን ይደርሳል ተብሏል። ለአሥራ ሁለት ወር ስናካፍለው ጭማሪው ብቻ በወር ከ13 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። እኔ ነኝ በ1,000 ብር ዕቁብ የምጨነቀው!

ልጁ ያድጋል

ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዘች። ከፋዩ እኔ ነኝ፤ ስልሳዋ ብር ትዝ አለችኝ።

«አሁን ሁለተኛው ነገር» አለች። «ቃል የተገባለት ሰው ቁጥር አይቆምም። አንተ ለአንዲት እህት ነው ቃል የገባኸው። መንግሥት ቃል ሲገባ ለሚመጣው ሁሉ ነው።»

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ይሁን አለ። በ1987 ዓ.ም. ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ይማር የነበረው ተማሪ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ቁጥሩ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሃያ ዓመት ስድስት እጥፍ! እያንዳንዱ መምህር ይፈልጋል፤ ወንበር ይፈልጋል፤ መጽሐፍ ይፈልጋል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። 8ኛን የጨረሰው 9ኛን ይፈልጋል። 12ኛን የጨረሰው ዩኒቨርሲቲ ይፈልጋል። ፖሊሲው ሲወጣ አገሪቱ የነበሯት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። የተመረቀው ደግሞ... «ሥራ ይፈልጋል» አልኳት። «ጎበዝ! አንተን ራስህን ማለት ነው» ብላ ሳቀች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሳቀችው የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

ይህን ስትለኝ እኔም አሰብኩ። እኔ በነፃ ትምህርት ያደግሁ ልጅ ነኝ። ያ ቃል ባይገባ ኖሮ እንጀራ ጋጋሪ እናቴ ዲግሪ ታስይዘኝ ነበር? እንዴት ተደርጎ! ስለዚህ ነገሩ «መንግሥት ቃል አይግባ» የማለት ጉዳይ አይደለም። ቃሉ እንደ ልጅ መሆኑን የማወቅ ጉዳይ ነው። ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፤ ግን ልጁ ያድጋል። የአምስት ዓመት ልጅ ጫማ ለአሥር ዓመቱ አይሆነውም።

ዋጋ ሲዞር

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉም ከበደኝ። አንዳንድ ቃል ውስጥ የብር መጠን የለም፤ ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ነዳጅን ውሰዱ። መንግሥት ለዓመታት ነዳጅ ከመጣበት ዋጋ በታች እንዲሸጥ ሲያደርግ ቆየ። የዓለም ዋጋ ሲወጣ ልዩነቱን ማን ይክፈል? መንግሥት! ዋጋውን የሚወስኑት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ዕዳው ሲከመር ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት መጣ፤ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ በቴሌብር በኩል እንዲቀጥል ተደረገ። ታክሲ ተሰልፋችሁ ያማረራችሁ ሁሉ ያን ጊዜ የምታነቡት የአንድ የቆየ ቃል መጨረሻ ገጽ ነበር።

«የውጭ ብድርም እንዲሁ ነው» አለችኝ። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር። በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። በተበደረችበት ጊዜ አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ያ ወለድ 660 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው 33 ሚሊዮን ወደ 4 ቢሊዮን ብር ይጠጋል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ብሩ ነው የተለወጠው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ ያንን ወለድ በቀኑ ሳትከፍል ቀረች።

ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አያችሁ፣ ይህ የወጪ ውሳኔ አይመስልም፤ የምንዛሪ ውሳኔ ነው። ግን ወጪን ጎትቶ አመጣ። ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ መድኃኒቱና ዘይቱ ተወደዱ፤ ለእነሱ ድጎማ ይጠየቃል። ሠራተኛው ኑሮ አቃተው፤ ደመወዝ ይጨመር ይባላል። የውጭ ዕዳው በብር ሲሰላ አበጠ። ለዚህ ነው የ2017 በጀት ሰኔ ላይ 971.2 ቢሊዮን ብር ተብሎ ጸድቆ፣ ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት የጸደቀው። የ2018 በጀት ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ።

«ታዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ አገልግሎት አገኘን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አይደለም» አለችኝ። «ከዚያ ውስጥ ብዙው የድሮውን ቃል በአዲሱ ዋጋ መክፈል ነው። ብሩ አደገ ማለት ሁልጊዜ እንጀራው አደገ ማለት አይደለም። እናትህን ጠይቃቸው።»

ኪሱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ነው የእናቴ ነገር የመጣው። ሳልነግራት ታውቅ ኖሯል። እናቴ ራሷ ነግራታለች።

«አንተ ቃል ገባህ፤ ከፋይዋ ግን እሳቸው ሆኑ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መንግሥት ውስጥም ይህ አለ። ውሳኔው ከላይ ይወሰናል። የመምህሩንና የግብርና ሠራተኛውን ደመወዝ ከሚከፍሉት አንዱ ግን ወረዳ ነው። ወረዳው የሚኖረው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማና ከራሱ ትንሽ ገቢ ነው። ገንዘቡ በቃሉ ልክ ካልመጣ ወረዳው ምን ያደርጋል? የቧንቧ ጥገናውን ይተወዋል፤ የትምህርት ቤቱን ኖራ ይተወዋል። እሳቸው ጤፉን እንደቀነሱት ማለት ነው።»

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ላላችሁ፣ መንገዱ ብዙ አይደለም። አንደኛው ግብር ነው፤ ያ የእኔና የእናንተ ወረቀት ላይ ያለው ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ይህም ራሱ አዲስ ቃል ነው፤ መንግሥት ሊሰበስብ ይችል የነበረውን ለቀቀ ማለት ነው። ሁለተኛው ብድር ነው፤ የነገውን ደመወዝ ዛሬ መብላት። ሦስተኛው ከውጭ የሚገኝ ዕርዳታ ነው፤ የሌላ ሰው ኪስ ስለሆነ አይታዘዝም። አራተኛው ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደር ነው፤ እሱ ብዙ ሲሆን የዋጋ ንረት ሆኖ ይመጣል። ያን ጊዜ ግብር ከፋይ ያልሆነውም ሰው፣ እንጀራ ጋጋሪዋም፣ ገበያ ላይ ይከፍላሉ። አምስተኛው ደግሞ ከሌላ ሥራ ቀንሶ ማዛወር ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

እኔ ለቀብዱ ስበደር የተጠቀምኩት ሁለተኛውን ነው። እህቴ ላይ ደግሞ አምስተኛውን፣ ያውም በእናቴ ጓዳ!

እናንተስ?

ውድ ወጣቶች፣ እናንተ የፓርላማ አባል አይደላችሁም፤ እኔም አይደለሁም። ግን አዲስ ፖሊሲ ሲነገር ወይ ዝም ብለን እናጨበጭባለን፣ ወይ ዝም ብለን እናማርራለን። እጮኛዬ በሻይ ቤቷ ናፕኪን ላይ የጻፈችልኝ አምስት ጥያቄዎች አሉ። ለመንግሥትም ለራሳችሁም ይሠራሉ፤ ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

1. ወጪው አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ? ሕንፃውን ብቻ አትዩ፤ ነርሷን ጠይቁ።

2. ዛሬ ስንት ሰው ይጠቀማል፣ ከአሥር ዓመት በኋላስ ስንት ይሆናል?

3. የቃሉ መጠን በብር የታወቀ ነው ወይስ ከዋጋ ጋር የሚዋዥቅ? ዶላር ቢወጣ ምን ይሆናል?

4. ቃሉን የገባውና ከፋዩ አንድ ሰው ናቸው? ካልሆኑ ከፋዩ ተጠይቋል?

5. ለዚህ ሲባል ምን ይቀራል? «ምንም አይቀርም» የሚላችሁን አትመኑት። እኔም ብዬ ነበር።

እነዚህን የሚጠይቅ ሰው የልማት ጠላት አይደለም። እጮኛዬ እኔን ስትጠይቀኝ ጠልታኝ አልነበረም። እንዲያውም ጥያቄዋን ትታ ዝም ባለችባቸው ስምንት ቀናት ነው ያጣኋት የመሰለኝ።

አሁን ምን ላይ ናችሁ ላላችሁኝ፣ እንዲህ ሆነናል። የ5,500 ብሩን ቤት ተውኩት፤ ሴትዮዋ «ልጄ፣ እኔም ሌላ ተከራይ አሳልፌያለሁ» ብለው ከቀብዱ ግማሹን ብቻ መለሱልኝ። ልክ ናቸው። ዕቁቡን መተው ነውር ስለሆነ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለሁለት ያዝነው፤ ድርሻዬ 500 ነው። የእህቴን 1,000 ግን አልነካሁትም። ተመዝግባ ደብተር ገዝታ ክፍል የገባችን ልጅ «ሒሳብ ተሳስቼ ነው፣ ውጪ» ማለት አይቻልም። የተጀመረ ቃል ማቋረጥ ካለመጀመሩ የባሰ ነው፤ ይህንንም ከናፕኪኑ ጀርባ ላይ ጽፋልኛለች። ለእናቴ የጤፍ መግዣዋን በሁለት ወር መለስኩላት። ልቀበል አልቀበል ብላ ተከራክራ «ቀድመህ ብትነግረኝ እኮ አብረን እናስብበት ነበር» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ የተቆጣችኝን ቁጣ አላስታውስም።

ሠርጉስ? ጥር ላይ አልሆነም። የእጮኛዬን እናት ራሴ ሄጄ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ «እማማ፣ ቃሌን በሒሳብ ስላልገባሁት ይቅርታ» አልኳቸው። ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ ቡና አስቀረቡልኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በትንሹ ለማድረግ ተስማማን። ድንኳን የለም፤ ሁለቱ ቤተሰብ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የእያንዳንዱን ወር ኪራይ፣ አስቤዛና የእህቴን ክፍያ ግን ቁጭ ብለን በአንድ ደብተር ላይ ጽፈነዋል። በላዩ ላይ እጮኛዬ በቀይ እስክሪብቶ «መደበኛ በጀት» ብላበታለች።